ትዕዛዝ አክባሪው ሃምሳ አለቃ

አንድ ቀን፣ ያውም ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በአንድ የኮማንዶ ማሠልጠኛ ካምፕ ውስጥ የዓለም አቀፍ ልዩ ዘመቻ ጦሮች የወታደራዊ ችሎታ ውድድር መዝጊያ ሥነ ሥርዓት ይካሄድ ነበር። ስሙ ረዘመባችሁ? መድረኩ ላይ የተሰቀለው ጨርቅም አልበቃው ብሎ «መዝጊያ» የሚለው ቃል ከጫፉ ተቆርጦ ቀርቷል። እንግዶቹም በዓሉ መቼ እንደሚዘጋ ሳያውቁ ተቀምጠዋል።

ከየአገሩ የመጡት ኮማንዶዎች ሳምንቱን ሙሉ ዒላማ ሲተኩሱ ሰንብተው፣ ያን ቀን ደግሞ ልብሳቸውን ተኩሰው ተሰልፈዋል። ማርሽ ባንዱ የሚያውቃቸውን ሦስት ዜማዎች እያፈራረቀ ይነፋል። ድንኳኑ ጥላ የሚሰጠው በአንድ በኩል ብቻ ስለነበር ፀሐይዋ ፈቀቅ ባለች ቁጥር የክብር እንግዶቹም ወንበራቸውን እየጎተቱ ፈቀቅ ይላሉ። አራተኛው ተናጋሪ ሲወርድ ግማሾቹ ከባንዱ ጋር ተቀላቅለው ነበር።

በዚያ ሁሉ ሰልፈኛ መሃል ሃምሳ አለቃ ጥጋቡ የሚባል፣ ለአገሩ ቡድን የተወዳደረ ኮማንዶ ቆሟል። ሰውየው ገመድ ሲወጣ ዝንጀሮ፣ ነገር ሲመልስ ጠበቃ ነው። ያን ቀን ግን ፊቱ ጠቁሯል። በማግስቱ እሑድ ሠርጉ ነው፤ ከካምፑ የሚያስወጣው ፈቃድ ግን የለውም።

የሙሽራዋ የአስካለ አባት አቶ ዘገየ ከካምፑ ማዶ ባለችው ከተማ ይኖራሉ። ስማቸው ዘገየ ይሁን እንጂ መዘግየት የሚባል ነገር አይወዱም። «እሑድ ቅበላ ነው፤ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል» ብለው ልከውበታል። «ጾም ከገባ ሠርግ የለም። ጠላው ተጠምቋል፣ በሬው ታስሯል። እሑድ ካልመጣህ ጠላዬን እስከ ፋሲካ አላቆይልህም፤ ልጄንም እንደዚያው።» ጥጋቡ ስለ ጠላው ብዙም አልተጨነቀም። አስካለን ግን ከልቡ ይወዳታል።

ችግሩ ፈቃድ ሰጪው የካምፑ አዛዥ ኮሎኔል መኳንንት መሆናቸው ነው። ሰው በገንዘቡ ይሰስታል፣ በእህሉ ይሰስታል፤ ኮሎኔሉ የሚሰስቱት በፈቃድ ነበር። ጥርሱን ሊነቀል ሐኪም ቤት ለመሄድ የጠየቀን ወታደር «ጥርሱን ላከው፤ አንተ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?» ብለው መልሰውታል ይባላል። እኔ ይህን ስሰማ ስቄያለሁ። ጥርሱን የታመመው ልጅ ግን እንኳን ሊስቅ አፉንም መክፈት አልቻለም።

ጥጋቡ ገና ውድድሩ ሳይጀመር ቢሮአቸው ቀርቦ ነበር።

«ጌታዬ፣ ለእሑድ ፈቃድ ፈልጌ ነው።»

«ለምን?»

«ሠርግ አለብኝ።»

«የማን ሠርግ?»

«የራሴ ነው፣ ጌታዬ።»

ኮሎኔሉ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዶቹ ማክሰኞ እስኪሸኙ ድረስ ከዚህ ካምፕ ዝንብ አይወጣም። ሚዜ የለህም እንዴ? እሱ ይወክልህ። ሚዜ የሚባለው ታዲያ ለመቼ ነው?»

«አለኝ፣ ጌታዬ። ሚዜዬን ስለማውቀው ነው ፈቃድ የምለምነው።»

«ውጣ ከዚህ!» አሉ ኮሎኔሉ። ከቢሮው ማለታቸው ነው እንጂ ከካምፑ ማለታቸው አልነበረም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አቶ ዘገየ «ልጁ ራሱ መጥቶ በአፉ ይንገረኝ» ብለው ሰው ላኩበት። ጥጋቡ ምን ያድርግ? ሙያው ነውና በአጥሩ ሽቦ ሥር ተስቦ ወጣ። አቶ ዘገየ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁት ነበር።

«መጣህ?»

«መጣሁ፣ አባቴ።»

«እሑድስ?»

«እመጣለሁ።»

«ፈቃድ ሰጡህ?»

«ገና አልሰጡኝም።»

«ታዲያ በምን ትመጣለህ?»

«አሁን በመጣሁበት።»

አቶ ዘገየ የተቀደደ እጅጌውንና አፈር የለበሰ ጉልበቱን አዩ። «ስማኝ ልጄ፣ በሆዱ እየተሳበ ለመጣ ሰው ልጄን አልድርም። ጎረቤት ምን ይለኛል? ከካምፕህ በበር ወጥተህ፣ እንደ ሰው ቆመህ እየሄድክ ና!»

አስካለ እስከ ውጭው በር ሸኘችው። «ጥጋቡ፣ አባቴን ታውቀዋለህ፤ አንዴ ከተናገረ አይመለስም። እባክህ ሰው ፊት እንዳታሳፍረኝ» አለችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አይዞሽ። ገመድ ላይ ተንጠልጥዬም ቢሆን እመጣለሁ።»

«አባቴ ገመድም አይፈልግም» አለች።

ይኼ ሁሉ ሆኖም መከራ የመጣው ሲመለስ ነው። የአስካለ እናት «ባዶ እጅህን አትሄድም» ብለው በኮባ የተጋገረ አንድ ሙሉ ድፎ ዳቦ አስታቀፉት። ከነሙሉ ትጥቁ በሽቦ ሥር የሚሳብ ሰው በዳቦ ተሸነፈ። ይዞት ቢሳብ ዳቦው ይፈርሳል፤ ጥሎት ቢገባ ነውር ነው። ስለዚህ ዳቦውን እንዳቀፈ በዋናው በር ገባ። በሩ ላይ ኮሎኔሉ ራሳቸው ቆመዋል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ድፎ ዳቦ ነው፣ ጌታዬ።»

«ከየት መጣ?»

«ከውጭ፣ ጌታዬ።»

«ብቻውን?»

ዳቦው ለምርመራ ተያዘ፤ ምርመራውም በኮሎኔሉ ቢሮ በሻይ ተካሄደ። ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ግን ኮሎኔሉ ጣታቸውን ቀስረው፣ ካምፑ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ጮኹበት።

«ሁለተኛ እንዳትወጣ! ሰምተሃል? ሁለተኛ እንዳትወጣ!»

«ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ!»

«ምን አልኩህ?»

«ሁለተኛ እንዳልወጣ፣ ጌታዬ!»

ዓርብ ዕለት የመጨረሻው የመሰናክል ውድድር ሆነ። ኮሎኔሉ አንደኛነቱን የኪሳቸው ያህል ስለተማመኑበት ለዋንጫው ባለ መስታወት ቁም ሣጥን አስቀድመው አሠርተዋል። እንግዶቹ በመጡ ዕለትም በእራት ግብዣው ላይ ለአንድ ጄኔራል ሳይቀር «ጌታዬ፣ ዋንጫው የእኛ ነው፤ የቀረው አቧራውን መጥረግ ነው» ብለው ነበር። ጥጋቡ በሽቦው ሥር ተሳበ፣ ግንዱን ዘለለ፣ ከጉድጓዱ ወጣ። የመጨረሻው የገመድ ግድግዳ ላይ ግን እግሩ ሸተት አለ። ኬንያዊው አንደኛ፣ ሞሮኳዊው ሁለተኛ፣ ጥጋቡ ሦስተኛ ሆኑ።

በሐቅ እንነጋገር ከተባለ ሁለቱ ሰዎች በልጠውታል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። በሌሎቹ ውድድሮችም ቢሆን ከቡድኑ አንደኛ የወጣ ሰው አልነበረም። ኮሎኔሉ ግን ይህን መቀበል አልሆነላቸውም። ቁም ሣጥኑ ባዶውን ሲቀር ጥፋተኛ መፈለግ ግድ ሆነባቸው፤ ጥፋተኛ ለመፈለግ ደግሞ ሩቅ አልሄዱም።

እንግዲህ የቅዳሜው መዝጊያ ላይ ነን። ንግግሩ አልቆ ሽልማት ተጀመረ። የክብር እንግዳው እኚያው ጄኔራል፣ ጨዋታ የሚወዱ አንጋፋ ሰው ናቸው። ከጎናቸው የውድድሩ ዋና ዳኛ ቆመዋል፤ ከባሕር ማዶ የመጡ፣ ሽበታም፣ ሳምንቱን ሙሉ ጥርሳቸው ያልታየ ሻለቃ ናቸው። በእሳቸውና በጄኔራሉ መሃል ደግሞ አስተርጓሚዋ መቶ አለቃ ጽጌ አለች። ኮሎኔል መኳንንት ሜዳሊያ የተደረደረበትን ትሪ ይዘው ተከትለዋል። የኬንያዊውን ወርቅ አሳልፎ መስጠት እንደ መርዝ መሯቸዋል።

የጥጋቡ ተራ ደረሰ። ጄኔራሉ ነሐሱን አንገቱ ላይ አጠለቁለትና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ጎሽ! ነሐስም ቢሆን ሜዳሊያ ነው። ግን እስቲ ንገረኝ፣ በገዛ ሜዳችን፣ በገዛ ገመዳችን እንዴት ሦስተኛ ወጣህ?»

ጄኔራሉ መጫወታቸው ነበር። ኮሎኔሉ ግን ሲጠብቁት የነበረ ቀዳዳ ተከፈተላቸው።

«ጌታዬ፣ እኔ ልመልስ» ብለው ዘው አሉ። የመድረኩ ድምፅ ማጉያ ክፍት መሆኑን ልብ አላሉም። «ይኼ ሰው ትዕዛዝ አያከብርም! ሐሳቡ ሁሉ ሠርግ፣ ሠርግ ነው። ነገ ካላገባሁ ብሎ ከካምፕ ጠፍቶ፣ ዳቦ ታቅፎ ተይዟል። እንዲህ ያለ ሰው ምን አንደኛነት ያመጣል? እስከ ፋሲካ ድረስ ከዚህ ካምፕ እግሩ እንዳይወጣ ወስኛለሁ!»

«እስከ ፋሲካ» የሚለው ቃል በአራቱም ማጉያ ተስተጋባ። አቶ ዘገየ በረንዳቸው ላይ ሆነው፣ አስካለም እንባዋን እየጠረገች በጥጋቡ ዓይን ላይ ዞሩ። ሰልፈኛው ሁሉ አዘነለት።

ጄኔራሉ ኮስተር ብለው ወደ እሱ ዞሩ።

«እውነት ነው? ትዕዛዝ አታከብርም?»

«አከብራለሁ፣ ጌታዬ! ሦስተኛ የወጣሁትም ትዕዛዝ አክብሬ ነው።»

«የማን ትዕዛዝ?»

«የኮሎኔል መኳንንትን።»

«የእኔን?» ኮሎኔሉ ትሪውን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው። «እኔ ነኝ ሦስተኛ ውጣ ያልኩህ?»

«እንደሱ አላሉም፣ ጌታዬ። እርስዎ ያሉኝ ‹ሁለተኛ እንዳትወጣ!› ነው።»

መጀመሪያ ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው በአፍንጫው ፈነዳ። የረቡዕን ጩኸት ያልሰማ ወታደር አልነበረምና ወዲያው ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ጥሩንባ ነፊው ሳቁን ሊያፍን ሲታገል በጥሩንባው ውስጥ አመለጠው፤ ባንዱም አራተኛ ዜማ አገኘ።

«ብለኸዋል?» አሉ ጄኔራሉ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው።

«ብያለሁ፣ ጌታዬ፤ ግን እኔ ያልኩት እኮ...»

«ያልከውን አልከው። እሱም የታዘዘውን ፈጸመ።»

ዋና ዳኛው ብቻ አልሳቁም። ምን እንደተባለ ጽጌን ጠየቋት። ምን ትበል? የእኛን «መውጣት» በፈረንጅ አፍ ማን ያወጣዋል? «አዛዡ ሁለተኛ ደረጃ እንዳያገኝ አዘውት ስለነበር ሦስተኛ ሆነ» ብላ ገላገለችው። ሰውየው ይህን ሲሰሙ ጥጋቡን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ አሰቡ፣ ከዚያም ረጅም ነገር ተናገሩ።

«ዋና ዳኛው እንዲህ ይላሉ» አለች ጽጌ፣ ሳቋን እየዋጠች። «‹በብዙ አገር ዳኝቻለሁ። ለትዕዛዝ ሲል የብር ሜዳሊያ የተወ ወታደር ግን አይቼ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ አለ። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ አክባሪ ሰው ካላችሁ፣ ለምን አንደኛ ውጣ ብላችሁ አላዘዛችሁትም?›»

ጄኔራሉ ከዚህ በላይ መቻል አቃታቸው። መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እውነታቸውን ነው፣ መኳንንት። እዘዘዋ!»

«አሁን፣ ጌታዬ?»

«አሁን።»

«ውድድሩ እኮ አልቋል፣ ጌታዬ።»

«ለከርሞው ይሆነዋል። እንግዳ ጠይቆ ዝም አይባልም። እዘዝ!»

ከጄኔራል ትዕዛዝ ወዴት ይሸሻል? ኮሎኔሉ ትሪውን ለጽጌ አቀበሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ድምፅ ማጉያው ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ሃምሳ አለቃ ጥጋቡ!»

«አቤት፣ ጌታዬ!»

«አንደኛ ውጣ!»

«እሺ፣ ጌታዬ!»

ጥጋቡ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠ። ከመድረኩ ወረደና ዞረ፤ ነሐሱ ደረቱ ላይ እየተወዛወዘ፣ በሰልፍ ርምጃ ወደ ዋናው በር ገሰገሰ። እንግዶቹ የሥነ ሥርዓቱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡለት፤ ባንዱም ማርሹን ለቀቀለት። በሩ ጋ ሲደርስ ዘቡ እጁን ዘርግቶ አስቆመው።

«ወዴት ነው?»

«መውጣቴ ነው።»

«ፈቃድህስ?»

«ፈቃድ ምን ያደርግልኛል? ትዕዛዝ ነው። ኮሎኔሉ ‹አንደኛ ውጣ› ሲሉኝ በማጉያው አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ዛሬ ከእኔ ቀድሞ በዚህ በር የወጣ ሰው አለ?»

ዘቡ አሰበ። «ኧረ ማንም አልወጣም።»

«እንግዲያው ቶሎ ክፈትልኝ፣ ወንድሜ! ሌላ ሰው ከቀደመኝ ሁለተኛ ልወጣ ነው፤ እሱን ደግሞ ተከልክያለሁ።»

ዘቡ ይህን በምን ይመልሰው? በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት፤ ሰላምታም ሰጠው። ጥጋቡ ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ ሰው ቆሞ እየሄደ ወጣ።

ኮሎኔል መኳንንት ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። «ያዙ...» ብለው ወደ ማጉያው ሲወረወሩ ጄኔራሉ ቀድመው በመዳፋቸው ከደኑት።

«ተወው፣ መኳንንት» አሉ። «ዘንድሮ አንደኛ የወጣልን እሱ ብቻ ነው።»